የጓሮ ኩሬ ለቤተሰብ ማዕድ፦ ቆሮሶን ከአምባዛ ጋር ማርባት



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር የጤናና የሥነ ምግብ ዓምዳችን የምንማማረው በጓሮ ስለሚቆፈር የዓሣ ኩሬ ነው። «የጤና ዓምድ ስለ ኩሬ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በፋርማሲ መስኮት በየቀኑ ከምንጠየቃቸው ነገሮች መካከል የልጅ ክብደት አለመጨመር፣ የነፍሰ ጡር እናት ደም ማነስና «የሚያበላ ሽሮፕ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ዋነኞቹ ናቸው። ሽሮፕ ግን ገበታን አይተካም። ልጅ የሚያድገው በዋነኛነት በሚበላው ምግብ ነው፤ ሥጋ ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የዒድ ምግብ እየሆነ መጥቷል።

በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ፣ ንብና ዓሣ በጓሮ ማርባት በየቤቱ ይወራል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በባኮና በአካባቢው ውኃ ያላቸው ቤተሰቦችም ስለ ዓሣ ኩሬ ይጠይቃሉ። ነገር ግን በዓሣ እርባታ ላይ አንድ የታወቀ ችግር አለ። ሰው ኩሬ ይቆፍራል፣ ቆሮሶ ያስገባል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደሰታል። ዓመት ሲሞላ ኩሬው በዓሣ ይጨናነቃል፤ ዓሣው ሁሉ ግን የጣት ርዝመት ያለው፣ እሾህ የበዛበትና ለመጥበስም ለመሸጥም የማይመች ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ ተስፋ ይቆርጣል። የተተወው ኩሬ ሣር ይወርሰዋል፣ የትንኝ መፈልፈያም ይሆናል። ለልጆች ጤና የተጀመረው ሥራ በመጨረሻ ለልጆች በሽታ ያመጣል ማለት ነው።

የዛሬው ትምህርታችን ይህ ችግር ለምን እንደሚመጣና አምባዛ የተባለውን ዓሣ አብሮ በማርባት እንዴት እንደሚቀነስ ያስረዳል። በቅድሚያ ግን ዓሣ ለቤተሰብ የሚሰጠውን ጥቅም እንመልከት።

ዓሣ ለቤተሰብ ምን ይሰጣል?

ቆሮሶ በውጭው ዓለም ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው። 100 ግራም ያልበሰለና አጥንቱ የወጣ የቆሮሶ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ስቡ ግን ከ2 ግራም ያነሰ ነው። በተጨማሪም ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ 12 አለበት። አንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው ውስጥ ግማሹን የሚበልጠውን ከዚያችው 100 ግራም ያገኛል። ቢ 12 በሽሮ፣ በምስርና በባቄላ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እምብዛም የማያገኝ ቤተሰብ ዓሣን በሳምንት አንድና ሁለት ቀን ቢመገብ ትልቅ ጉድለት ይሞላል።

የደም ማነስን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዓሣ ሥጋ ራሱ ብዙ ብረት የለውም። ሆኖም ከጤፍ እንጀራና ከምስር የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ ሁኔታ እንዲወስደው ይረዳል። ስለዚህ ዓሣውን ለብቻው ከመብላት ይልቅ ከምስር ወጥና ከእንጀራ ጋር ማቅረብ ይመረጣል። ሎሚ መጭመቅም ይጠቅማል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ ጋር አብሮ መጠጣት አይገባም፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ። ሐኪም የብረት ክኒን ያዘዘላት እናት ዓሣ ስለበላች ክኒኑን ማቋረጥ የለባትም።

ቆሮሶ ለምን አያድግም?

ቆሮሶ ቶሎ የሚራባ ዓሣ ነው። ሴቷ በኩሬ ውስጥ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ገና ትንሽ ሳለች እንቁላል መጣል ትጀምራለች። እንቁላሉን ወንዱ ካዳበረው በኋላ ሴቷ በአፏ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲሰማቸው ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። ሴቷ በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ገደማ ትቆያለች፤ በዚያን ጊዜ በደንብ አትመገብም፣ ስለዚህም አታድግም። ውኃው ሞቃት ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ትጥላለች። ከአንድ ጊዜ እርባታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶች ሊወጡ ይችላሉ።

ይህ የአላህ ጥበብ በሐይቅ ውስጥ ልክ ነው። በሐይቅ ትልልቅ ዓሣዎች፣ ወፎችና ሌሎች አዳኞች ጫጩቱን ስለሚበሉት ብዙ ተወልዶ ጥቂት ያድጋል። በጓሮ ኩሬ ግን አዳኝ የለም፤ የተወለደው በአመዛኙ ይተርፋል። የኩሬው ምግብ ግን ያው ነው። ለ200 ዓሣ የታሰበው ምግብ ለ3,000 ሲከፋፈል አንዱም አይጠግብም፤ ሁሉም ይቀጭጫል። የቀጨጨውም ዓሣ መራባቱን አያቆምም።

መኖ በመጨመር ብቻ ይህን ችግር መፍታት አይቻልም። መኖ ሲጨመር የጫጩቱ ቁጥርም ይጨምራልና። መፍትሔው የተወለደውን መቀነስ ነው፤ ለዚህም አንዱ መንገድ በኩሬው ውስጥ አዳኝ ዓሣ ማኖር ነው።

አዳኝና ታዳኝ በአንድ ኩሬ

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ዛሬ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም ሆሜር ስዊንግል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በርካታ ኩሬዎችን አጥንቷል። እርሱ ያስተማረው ነገር «ሚዛናዊ ኩሬ» የሚለው ሐሳብ ነው። በአንድ ኩሬ ውስጥ አዳኝና ታዳኝ ዓሣ በተመጣጠነ ቁጥር ሲኖሩ ባለቤቱ በየዓመቱ የሚበላ ዓሣ ያገኛል፤ ሚዛኑ ሲዛባ ግን ወይ ታዳኙ ይቀጭጫል፣ ወይ አዳኙ ይራባል።

በዚያ አገር ደቡባዊ ክፍል ባስ የሚባል ሰፊ አፍ ያለው አዳኝ ዓሣ አለ። ብዙ ባለ ኩሬዎች በየጸደዩ ቆሮሶ ገዝተው ይጨምራሉ። ዓላማቸው ቆሮሶውን ራሳቸው ለመብላት አይደለም። ቆሮሶው በበጋ ሲራባ ባሱ ጫጩቱን እየበላ ይወፍራል። ክረምት ገብቶ ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ቆሮሶው ቅዝቃዜውን ስለማይችል ይደክማል፣ ይሞታል፤ በሚቀጥለው ጸደይም እንደገና ይገዛል። እዚያ ቆሮሶ መኖ ነው፤ የሚፈለገው ባሱ ነው።

ለእኛ ቤተሰብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኛ የምንፈልገው ለድስት የሚበቃ ቆሮሶ ነው። አዳኙን የምናስገባው ጫጩቱን እንዲቀንስልን ነው፤ እርሱ ራሱ መበላቱ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ነው። ለዚህም ከባሕር ማዶ ዓሣ ማምጣት አያስፈልገንም፤ በአገራችን ውኃዎች የሚኖር አምባዛ አለን።

አምባዛ የተመረጠበት ምክንያት

አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ሰፊ አፍና ረጃጅም ጢም ያለው ዓሣ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

1ኛ. ትንንሽ ዓሣን ይበላል። የቆሮሶ ጫጩት ለእርሱ ጥሩ ምግብ ነው።

2ኛ. በረጋ ኩሬ ውስጥ እምብዛም አይራባም። በተፈጥሮው እንቁላል የሚጥለው ዝናብ ሲመጣና ውኃ ሲሞላ በጎርፍ በተሸፈነ ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ 20 አምባዛ ብታስገቡ ቁጥሩ ከ20 ብዙም አያልፍም። አዳኙ እንደ ታዳኙ የሚበዛ ቢሆን ኖሮ ሌላ ችግር ይሆን ነበር።

3ኛ. ከአየር መተንፈስ ይችላል። ከጉሮሮ ሳንባው በተጨማሪ አየር የሚይዝ አካል ስላለው የውኃው ኦክስጅን ሲያንስም ይቋቋማል።

4ኛ. ሥጋው ብዙ ነው፤ ከቆሮሶ ይልቅ ስብ አለው፣ በሥጋው መካከል ያለው ደቃቅ እሾህም ያነሰ ነው።

ጉድለትም አለበት። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ እንጂ እንደ ባስ አሳዶ ብቻ የሚኖር አዳኝ አይደለም። ፉርሽካና ፋጉሎ ከልክ በላይ ከተሰጠው ማደኑን ይተዋል። በሌላ በኩል ለቆሮሶው የሚበቃ ምግብ ከሌለ ሁለቱም ይጎዳሉ። በመሆኑም አምባዛ ጫጩቱን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ ያጠፋል ተብሎ አይጠበቅም። ቀሪው የባለቤቱ ሥራ ነው።

የምዕራብ ሸዋ አየርና ውኃ

ቆሮሶ የሞቃት ውኃ ዓሣ ነው። የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ከ16 ወይም ከ17 ዲግሪ በታች ሲሆን መመገቡን ይቀንሳል፣ እድገቱም ይቆማል። ይህን ሳያውቁ በብርድ አገር መጀመር ድካም ነው።

በዞናችን ባኮና አካባቢው ዝቅ ያለና ሞቃት በመሆኑ ለቆሮሶ ይስማማል። የጉደር ሸለቆ ዝቅተኛ ቦታዎችም ከደጋው ይሻላሉ። አምቦ ከተማ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ዓሣው ያድጋል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ጌዶ፣ ጀልዱና በደንዲ ተራራ ዙሪያ ያሉ ደጋማ ቦታዎች ግን ለዚህ ሥራ አይመከሩም። በዚያ ላሉ ቤተሰቦች ዶሮና ወተት የተሻለ አማራጭ ነው።

ስለ ውኃው ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ አምቦ በጠበሏና በጋዝ ውኃዋ የታወቀች ናት። ከምንጭ የሚፈልቅ ጋዛማ ውኃ በቀጥታ ወደ ኩሬ መግባት የለበትም፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዓሣው ኦክስጅን እንዳይወስድ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል በፀሐይ ላይ አንድና ሁለት ቀን ሳይቆይ ዓሣ አይጨመርበት።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ለምሳሌ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር የሆነ ኩሬ እንውሰድ።

1. ቦታ፦ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት ፍሳሽ የራቀ ይሁን። አፈሩ ጭቃማ ካልሆነ ውኃ ስለሚያሰርግ ወፍራም ላስቲክ ያስፈልገዋል።

2. ጥልቀት፦ በአንድ ጎን 80 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ጎን 1 ሜትር ከ20 ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ይሁን። ጥልቅ ውኃ የሌሊቱን ብርድ ይቋቋማል።

3. መግቢያና መውጫ፦ ሁለቱም በወንፊት ይከደኑ። አምባዛ በዝናብ ሌሊት ከኩሬ ወጥቶ በእርጥብ መሬት ላይ መሄድ ስለሚችል ዳርቻው ዝቅተኛ አጥር ይፈልጋል። አጥሩ ትንንሽ ልጆች እንዳይገቡም ይጠቅማል፤ አንድ ሜትር ውኃ ልጅን ያሰጥማል።

4. ውኃውን ማዘጋጀት፦ የበሰለ የከብት ፍግ በትንሹ ሲጨመር ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ደቃቅ ተክል የቆሮሶ ዋና ምግብ ነው። ክንዳችሁን ወደ ውኃው አስገቡ፤ እጃችሁ እስከ ክርን ሲገባ መዳፋችሁ ከእይታ ከጠፋ በቂ ነው። ከዚያ በፊት ከጠፋ ፍጉ በዝቷል፤ አቁሙ።

5. ቆሮሶ ማስገባት፦ በካሬ ሜትር 2፣ በጠቅላላው 200 ጫጩት። እያንዳንዳቸው 20 ግራም ገደማ ቢሆኑ ይመረጣል።

6. አምባዛ ማስገባት፦ ለ10 ቆሮሶ ከ1 እስከ 2 አምባዛ መነሻ ይሆናል፤ ማለትም ከ20 እስከ 40። ዋናው ሕግ መጠኑ ላይ ነው። አምባዛ በአፉ የሚያልፈውን ዓሣ ይውጣል። ስለዚህ ሲገባ ከቆሮሶው ያነሰ መሆን አለበት፤ ወይም ቆሮሶው ጥቂት ሳምንታት አድጎ ከጠነከረ በኋላ ይግባ። ትልቅ አምባዛ ከትንሽ ቆሮሶ ጋር ቢገባ የሚበላው ጫጩቱን ሳይሆን የገዛችሁትን ዘር ነው።

7. መኖ፦ የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተቀላቅሎ በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጥ። መጠኑ ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 3 እስከ 5 ነው። 200 ዓሣ በ20 ግራም 4 ኪሎ ስለሚሆን የቀኑ መኖ ከ120 እስከ 200 ግራም ይሆናል። ዓሣው ሲያድግ ክብደቱን እየገመታችሁ አስተካክሉ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ መኖ ትርፍ ነው፤ ውኃውን ያበላሻል።

8. መከታተል፦ በሦስተኛው ወር በጥቅጥቅ መረብ የኩሬውን ዳር ሳቡ። ጥቂት ጫጩትና ብዙ ትልልቅ ቆሮሶ ከወጣ ሚዛኑ ጥሩ ነው። ጫጩቱ መረቡን ከሞላው አምባዛው አንሷል፤ ጥቂት ጨምሩ፣ የወጣውንም ጫጩት አድርቃችሁ ለዶሮ ስጡ። ምንም ጫጩት ሳይታይ አምባዛው ከከሳ ደግሞ መኖ ይጨመርለት።

9. ማውጣት፦ በሞቃት ውኃ ቆሮሶው ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ 200 ግራም ገደማ ሊደርስ ይችላል። በአምቦ ቅዝቃዜ ጊዜው ይረዝማል። ሁሉን በአንድ ቀን ከማውጣት ይልቅ በየሳምንቱ ለቤተሰብ የሚበቃውን ትልልቁን ማውጣት ለገበታም ለኩሬውም ይጠቅማል።

ማለዳ ላይ ዓሣዎቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው። ፍግና መኖ ወዲያው አቁሙ፤ ንጹሕ ውኃም ጨምሩ።

ጫጩት ከየትም አይገዛ። በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና በባቱ (ዝዋይ) የሚገኘው የኦሮሚያ የዓሣ ምርምር ማዕከል በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ናቸው። ለመጀመር የወረዳችሁን የእንስሳት ሀብት ባለሙያ አማክሩ። የባለሙያው ምክር ለእናንተ ውኃ የተለየ ቁጥር ከሰጣችሁ እርሱን ተከተሉ።

ከፋርማሲ የሚሰጥ ማሳሰቢያ

ሀ. በኩሬ ውስጥ መድኃኒት አትጨምሩ። «ዓሣው ታሟል» ብሎ የቴትራሳይክሊን ካፕስል ፈትቶ መበተን ጎጂ ነው። ዓሣውን አያድነውም፤ ይልቁንም ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል። ነገ ልጃችሁ ሲታመም ያው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል። የዓሣ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከተበላሸ ውኃ ስለሆነ መጀመሪያ ውኃውን አስተካክሉ።

ለ. ሆርሞን በቤት አይሞከር። የቆሮሶን መብዛት ለማቆም ሌላው መንገድ ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ሆርሞን ያለበት መኖ ለሦስትና ለአራት ሳምንት በመመገብ ሁሉንም ወንድ ማድረግ ነው። ይህ በማራቢያ ጣቢያ በሠለጠነ ሰው የሚሠራ ሥራ ነው። ዱቄቱን በቤት የምትነካ ሴት፣ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ለጉዳት ትጋለጣለች። አምባዛን የመረጥንበት አንዱ ምክንያትም ይህን ሁሉ ስለማይጠይቅ ነው።

ሐ. በብርብራ ዓሣ አታስግሩ። የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን እንደሚገድል አባቶቻችን ያውቁታል። ነገር ግን ትልቁንም ትንሹንም፣ ቆሮሶውንም አምባዛውንም አንድ ላይ ይጨርሳል። በኩሬ የደከማችሁበትን ሁሉ በአንድ ቀን ታጣላችሁ።

መ. የአትክልት መርጨት የሚካሄድበት ማሳ ፍሳሽ ወደ ኩሬ አይግባ። ፀረ ተባይ የያዘ ጣሳም በኩሬው አይታጠብ።

ሠ. የሻገተ ፋጉሎና ፉርሽካ ይጣል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

ረ. የኩሬው ዳር ሣር በየጊዜው ይታጨድ። ዓሣ የትንኝ እጭ ይበላል፤ ሣር ውስጥ የተደበቀውን ግን አያገኘውም። በባኮና በሌሎች ሞቃት ቦታዎች ወባ ስላለ አጎበር መጠቀም አይቋረጥ። የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣም በሣራም ዳርቻ ይኖራል፤ ስለዚህ ልጆች በኩሬው አይዋኙ፣ ወደ ውስጥ የሚገባም ሰው ቦት ጫማ ያድርግ።

ከኩሬ ውጪ አትልቀቁ

አዳኝ ዓሣ በኩሬ ውስጥ መልካም አገልጋይ ነው። ያልነበረበት ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካው ባስና የቆሮሶ ዘመድ የሆነ ዓሣ ከውጭ ገብተው የሐይቁን ዓሣ ሀብት ለውጠዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይል ፐርች የተባለው ግዙፍ አዳኝ ከገባ በኋላ በሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ የትንንሽ ዓሣ ዝርያዎች በ1980ዎቹ ጠፍተዋል። ይህ ዓሣ በአገራችን በአባያና በጫሞ ሐይቆች በተፈጥሮው የሚኖር ነው፤ በዚያ ከሌሎቹ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ጉዳቱ የመጣው ወዳልነበረበት በመወሰዱ ነው።

ስለዚህ የተረፈ ዓሣ ወደ ደንዲ ወይም ወደ ወንጪ ሐይቅ፣ ወደ ሁሉቃ ወይም ወደ ጉደር ወንዝ አይለቀቅ። የዓሣ ሀብት በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚተዳደር የሕዝብ ሀብት ነው፤ ዓሣን ከውኃ ወደ ውኃ ማዛወርም ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው።

አምባዛ ሐላል ነውን?

አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው አንዳንድ ሙስሊሞች ይጠራጠራሉ። በሱረቱል ማኢዳ 96ኛው አንቀጽ የባሕር አደንና ምግቡ ለእኛ የተፈቀደ መሆኑ ተገልጿል። በሐዲሥም ዓሣ ሳይታረድ የሚበላ መሆኑ ተነግሯል። የአራቱ መዝሀቦች ዑለማዎች ዓሣ ሐላል እንዲሆን ቅርፊት ይኑረው የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጡም። በመሆኑም አምባዛ እንደ ቆሮሶ ሐላል ነው።

ሦስት ነገሮችን ግን እናስተውል። በመጀመሪያ፣ ራሱ ሞቶ በውኃ ላይ ተንሳፎ የተገኘን ዓሣ ሐነፊዮች አይበሉትም። ከጤና አንጻርም በምን እንደሞተ የማይታወቅ ዓሣ ስለሚያሰጋ የትኛውንም መዝሀብ ብንከተል መተዉ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ቆሻሻ በመብላት የሚኖር እንስሳ በፊቅህ «ጀላላህ» ይባላል፤ ሽታው እስኪጠፋ ንጹሕ ምግብ እየበላ እንዲቆይ ዑለማዎች አስተምረዋል። አምባዛን በደምና በቄራ ጥራጊ የመመገብ ልማድ ስላለ ከዚህ መራቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ኢሕሳን በሁሉም ነገር የታዘዘ ነው፤ አምባዛ ከውኃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ በሕይወት እያለ ቆዳው አይገፈፍ፤ ቶሎ እንዲሞት ይደረግ።

ለክርስቲያን ጎረቤት ዓሣ ስንሰጥም ብዙዎቹ ቅርፊት የሌለውን እንደማይበሉ አስበን ቆሮሶውን እንስጥ። የጎረቤት ሐቅ በዚህም ይጠበቃል።

ከኩሬ ወደ ድስት

ዓሣ ቶሎ ይበላሻል። ፍሪጅ ከሌለ በወጣበት ቀን ይብሰል። ትኩስ ዓሣ ዓይኑ ይጠራል፣ ሥጋው ሲጫኑት ይመለሳል፣ መጥፎ ሽታ የለውም። ቆዳው ሲላጥና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ሐሞቱ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፤ በንጹሕ ውኃም እጠቡት።

ጥሬ ዓሣ አትብሉ። በአገራችን ዓሣዎች ውስጥ ጥገኛ ትሎች ይገኛሉ። ሎሚና ሚጥሚጣ ትሉን አይገድሉትም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ሥጋው ነጭ ሆኖ በቀላሉ ከአጥንቱ ሲላቀቅ በስሏል።

ለትንንሽ ልጆች ሥጋው በጣት እየተዳሰሰ እሾህ እንደሌለው ከተረጋገጠ በኋላ ከድንች ወይም ከገንፎ ጋር ተፈጭቶ ይሰጥ። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር በትንሹ መቅመስ ይችላል። ሰውነቱ ካሳከከው፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሹ ካጠረ የዓሣ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የኩላሊት ሕመምተኛም የፕሮቲን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከጫጩት አልፎ ያልደገ ትንሽ ቆሮሶ ካለ አይጣል። ሆድ ዕቃው ወጥቶ በደንብ ደርቆ ሲፈጭ ከነአጥንቱ ካልሲየም ያለው ዱቄት ይሆናል፤ በሽሮ ላይ አንድ ማንኪያ መጨመር ይቻላል።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ ከዛሬው ትምህርት የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች ያዙ።

አንድ፣ ቆሮሶ ብቻውን ሲረባ ቶሎ ይበዛና ይቀጭጫል።
ሁለት፣ አምባዛ ጫጩቱን በመቀነስ የቀረው እንዲያድግ ይረዳል፤ ሲገባ ግን ከቆሮሶው ያነሰ መሆን አለበት።
ሦስት፣ ኩሬው በሞቃት ቦታ፣ በንጹሕ ውኃና ያለ መድኃኒት ይያዝ።
አራት፣ የኩሬ ዓሣ ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ አይለቀቅ።
አምስት፣ ዓሣው በደንብ ይብሰል፣ ከምስርና ከእንጀራ ጋር ይበላ፣ ሻይና ቡናው ይዘግይ።

ቦታና ውኃ የሌለው ቤተሰብ ከጎረቤቶቹ ጋር ተባብሮ አንድ ኩሬ መያዝ ይችላል። ሥራውን በየተራ መከፋፈል፣ ምርቱንም በስምምነት መካፈል ነው። ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት ግን ማን እንደሚመግብ፣ ማን ሣር እንደሚያጭድና ማን መረብ እንደሚስብ ተነጋገሩ። በኩሬው ውስጥ እንዳለው ሚዛን ሁሉ በሰዎችም መካከል ሚዛን ካለ ሥራው ይዘልቃል።

አላህ ሪዝቃችሁን ያስፋ፣ ልጆቻችሁንም በጤና ያሳድግላችሁ። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስከምንገናኝ፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ